ብቻውን የሚበር ልጅ በማን ሥልጣን ይበራል? አካለ መጠን ያልደረሱ ወጣቶች የውጭ ጉዞና ሕጋዊ መስፈርቶቹ

(በሕግ ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጉባኤ ላይ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተጽፎ በአቅራቢው የታረመ)



የዛሬው ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የ15፣ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ያለ ወላጅ ወደ ውጭ አገር ለመብረር ምን ያስፈልገዋል? ጥያቄው ለጉዞ ወኪል ቢቀርብ መልሱ በግማሽ ገጽ ያልቃል፦ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ትኬት፣ የወላጅ ደብዳቤ። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ከአራቱ ወረቀቶች ውስጥ ሕጋዊ ክብደቱ ከፍ ያለው አራተኛው መሆኑን ነው፤ ማለትም ብዙውን ጊዜ በጉዞው ዋዜማ በችኮላ የሚጻፈው። ቪዛ አንድ መንግሥት ልጁ ወደ ግዛቱ እንዲመጣ የሚፈቅድበት ውሳኔ ነው። ልጁን ከቤቱ አስነሥቶ በሌላ ሰው እጅ የማኖር ሥልጣን ግን የዚያ መንግሥት አይደለም፤ ያሳዳጊዎቹ ነው። ቆንስላው፣ አየር መንገዱና የድንበር ሹሙ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቅጽ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ይህ ልጅ የሚጓዘው በማን ሥልጣን ነው?

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት «ብቻውን» የሚለውን ቃል እንመርምር። ቃሉ በዚህ መስክ ቢያንስ ሦስት ትርጉሞች አሉት፤ የብዙ ቤተሰብ መጉላላትም ከሦስቱ መደባለቅ ይመነጫል።

የመጀመሪያው የአየር መንገዶች ትርጉም ነው። በብዙ አየር መንገዶች አሠራር ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ብቻውን አይጫንም። ከ5 እስከ 11 ዓመት ያለው የሚጫነው ድርጅቱ በሚሰጠው ልዩ የአጃቢነት አገልግሎት ብቻ ነው። ከ12 ዓመት ጀምሮ ግን ወላጅ በክፍያ ካልጠየቀለት በስተቀር ልጁ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ይስተናገዳል። ዝርዝሩ ከድርጅት ድርጅት ቢለያይም የ12 ዓመቱ መስመር በሰፊው የተለመደ ነው። እንግዲህ ወላጆች ከዚህ ተነሥተው «ልጄ 12 ዓመት ስላለፈው እንደ ትልቅ ሰው ይቆጠራል» ሲሉ እንሰማለን። ይህ የማጓጓዣ ውልን ከቤተሰብ ሕግ ጋር ማምታታት ነው። አየር መንገዱ የተናገረው ስለ መቀመጫና ስለ አስተናጋጅ ነው፤ ስለ ልጁ ሕጋዊ አቅም የተናገረው ነገር የለም።

ሁለተኛው የቪዛና የድንበር ሕግ ትርጉም ነው። በዚህ ትርጉም «ብቻውን» ማለት ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ከወላጁ ወይም ከሕጋዊ አሳዳሪው ጋር የማይጓዝ ማለት ነው። ስለዚህ ከአክስቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚበር የ15 ዓመት ልጅ በብዙ ቆንስላዎች ዘንድ ያው ያለ ወላጅ የሚጓዝ ልጅ ነው፤ ለአክስቱ ሥልጣን የሰጣት ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ይህ በእኛ ዘንድ እንግዳ ይመስላል። እኛ አክስትን «እናቱ» ስንል፣ ታላቅ ወንድምን «አባቱ» ስንል ያደግን ነን። የቆንስላው ሹም ይህንን ዝምድና አይክደውም፤ በወረቀት እንዲታይለት ይፈልጋል እንጂ።

ሦስተኛው የስደተኞች ሕግ ትርጉም ነው። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2011/95 አጃቢ የሌለው ልጅ የሚባለው በሕግ ወይም በልማድ ኃላፊነት ያለበት ትልቅ ሰው ሳይኖረው ወደ አባል አገር የገባ ልጅ ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. የ2002 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሕግ የሚያውቀው አጃቢ የሌለው የውጭ አገር ልጅ ሕጋዊ የመኖሪያ ሁኔታ የሌለው፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነና በአገሩ ውስጥ ሊንከባከበው የሚችል ወላጅ ወይም አሳዳሪ የሌለው ልጅ ነው። ሕጋዊ ቪዛ ይዞ አጎቱ ዘንድ የሚከርም ተማሪ ከዚህ ክፍል አይመደብም። ሆኖም የአጎቱ ሁኔታ በወረቀት ካልተገለጸ፣ ተቀባይም በሰዓቱ ካልተገኘ፣ ልጁ ባላሰበው ቅጽበት ለሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች ሊሰጥ ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትርጉም መካከል ያለው ግድግዳ ብዙዎች ከሚገምቱት የሳሳ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ፤ የሥልጣኑ ምንጭ ያለው እዚህ ነውና። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 215 አካለ መጠን ያልደረሰ ሰው ማለት ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ያልሞላው ነው ይላል። የ17 ዓመት ጎረምሳን «ሕፃን» ብሎ መጥራት በአማርኛ ጆሮ ይከብዳል፤ ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ርእስ የሕፃናት መብት ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በመርሕ ደረጃ የሚሸፍነው እስከ 18 ዓመት ድረስ ያለውን ሁሉ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ልጁን በሚመለከት ሁለት ሚናዎችን ይለያል። አሳዳሪው የልጁን ሰውነት፣ ማለትም መኖሪያውን፣ ጤናውን፣ ትምህርቱንና ግንኙነቱን ይጠብቃል። ሞግዚቱ ንብረቱንና የገንዘብ ጥቅሙን ያስተዳድራል። በዕለታዊ ንግግራችን ሁለቱንም «ሞግዚት» ስለምንል ልዩነቱ ይጠፋብናል፤ ለጉዞ ግን የሚፈለገው በዋናነት የአሳዳሪነት ሥልጣን ነው፤ የልጁን መኖሪያ የሚወስነው አሳዳሪው ነውና። በጋብቻ ውስጥ ያሉ አባትና እናት ይህን ሥልጣን በጋራ ይይዛሉ። አንዱ ቢሞት ወይም ሥልጣኑን ሊሠራበት ባይችል ሌላው ብቻውን ይሠራበታል።

«በጋራ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ኤምባሲዎች የሁለቱንም ወላጆች ፊርማ የሚጠይቁት ከቢሮክራሲ ፍቅር የተነሣ አይደለም። የአንዱ ፊርማ ከጎደለ ሁለት ዓይነት አደጋ ይታያቸዋል፦ ሌላኛው ወላጅ ሳያውቅ ልጁ ሊወሰድ ነው፣ ወይም ልጁን የሚልከው ሰው ጨርሶ ሥልጣን የለውም።

በምሳሌ እንሥራው፤ ምሳሌው ከማንም ሕይወት የተወሰደ አይደለም፣ ለማብራሪያ የፈጠርኩት ነው። አንዲት የ16 ዓመት ልጃገረድ ደሴ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ አውሮፓ ናት። አባቷ ልጅቷ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ከአካባቢው ሄዶ ወሬው ከጠፋ ዓመታት ተቆጥረዋል። እናት ለሁለት ወር የክረምት ዕረፍት ልጇን ልታያት ትፈልጋለች። ትኬቱን መግዛት ትችላለች፤ የግብዣ ደብዳቤም ትልካለች። ልጅቷን ያሳደጉት፣ ትምህርት ቤት ያስገቡት፣ ሆስፒታል ያስታመሙት አያት ናቸው። በሕግ ዓይን ግን አያት እስካሁን ምንም አይደሉም። እናት ሥልጣን አላት፤ ከሩቅ ሆና። አባትም በወረቀት ላይ ሥልጣን አለው፤ የለም እንጂ።

ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው መፍትሔ እናት በኤምባሲ በኩል ለአያት ውክልና እንድትልክ ማድረግ ነው። ውክልናው ይጠቅማል፤ ፓስፖርት ለማውጣት፣ ማመልከቻ ለማስገባት፣ ሰነድ ለመቀበል ያገለግላል። ውክልና ግን ሥራ ማሠሪያ ነው። የአሳዳሪነትን ሥልጣን ከባለቤቱ አንሥቶ ለሌላ አያስተላልፍም፤ የጠፋውን አባት ጥያቄም አይመልስም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለራሱ ምንም ወሬ ሳይሰጥ ሁለት ዓመት የጠፋ ሰው በባለጉዳይ ጥያቄ መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ ይፈቅዳል። እናትም አሳዳሪነቱን ለብቻዋ እንደምትሠራበት ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥላት ማመልከት ትችላለች። ሁለቱም ወላጆች በሌሉበት ጊዜ ደግሞ ሕጉ ወደ አያቶችና ወደ ሌሎች የቅርብ ዘመዶች ይመለከታል። መንገዱ አለ። ችግሩ ይህ መንገድ ወራት የሚፈጅ ሲሆን ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ትኬት ከተቆረጠ በኋላ መሆኑ ነው። እኔ ብጠየቅ አያት ያሳደጓቸው ልጆች ሁሉ ጉዞ ቢኖርም ባይኖርም ይህ ወረቀት ገና በልጅነታቸው እንዲዘጋጅላቸው እመክራለሁ፤ ጥቅሙ ከቪዛ ያልፋል፤ ለቀዶ ሕክምናም፣ ለውርስም ይፈለጋልና።

የሥልጣኑ ማስረጃ መነሻ የልደት የምስክር ወረቀት ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአሥራዎቹ አጋማሽ ያሉ ልጆች የተወለዱት ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ የብዙዎቹ የምስክር ወረቀት ከተወለዱ ከዓመታት በኋላ የወጣ ነው። የቆንስላ ሹም በወረቀቱ ላይ የትውልድ ዘመንንና የምዝገባ ዘመንን ሲያነጻጽር የአሥር ዓመት ልዩነት ቢያይ ይጠራጠራል። ጥርጣሬው የሚገባ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው፤ ዘግይቶ መመዝገብ የሕጉ ታሪክ ውጤት መሆኑን ከትምህርት ቤት ማስረጃና ከክትባት ካርድ ጋር አያይዞ ማስረዳት ይበቃል። የክርስትና ካርድ ያለውም እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ያያይዘው።

ስለ ስምና ስለ ዘመን አቆጣጠር ሁለት ነገር ልበል፤ ሁለቱም የእኛ ልዩ ጣጣዎች ናቸው።

ስማችን የቤተሰብ ስም የለውም። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ የግል ስም ነው፤ ሦስተኛው የአያቱ። እናት የራሷን አባት ስም ይዛ ትኖራለች። ስለዚህ እናት በፈረመችው የስምምነት ደብዳቤ ላይ ያለው ስም ከልጁ ፓስፖርት ጋር አንድም ፊደል ላይጋራ ይችላል። የቤተሰብ ስም በለመደ ሹም ዘንድ ይህ የማይተዋወቁ ሰዎች ወረቀት ይመስላል። የእናትን ሙሉ ስም የያዘ የልደት ምስክር ወረቀት ካልተያያዘ ደብዳቤው ብቻውን አይቆምም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ መለኪያው ፓስፖርቱ መሆን አለበት፤ ሌሎቹ ትርጉሞች ሁሉ ፓስፖርቱን ይከተሉ።

የዘመን አቆጣጠሩ ጣጣ ይብሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ባለው ጊዜ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ መግቢያ በኋላ 8 ዓመት ይሆናል። ጥር 10 ቀን 2001 የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 18 ቀን 2009 ነው። ቀመሩን በልማድ ይዞ 7 ብቻ የሚደምር ተርጓሚ ልጁን በ2008 ያስወልደዋል። በዚህ ምክንያት ልጁ በአንዱ ወረቀት 18 ዓመት የሚሞላው በጃንዋሪ 2026፣ በሌላው በጃንዋሪ 2027 ይሆናል። በመካከል ያለው አንድ ዓመት ሙሉ ልጁ ለአንዱ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ለሌላው ሕፃን ነው። ዕድሜ የሥልጣን ጥያቄ ሁሉ መነሻ በሆነበት ጉዳይ ይህ ተራ የጽሕፈት ግድፈት ሆኖ አይታይም፤ ሰነድ እንደ ማጭበርበር ተቆጥሮ ማመልከቻ ሊያስጥል ይችላል።

የስምምነት ደብዳቤው ራሱ ምን መያዝ አለበት? ልጄ እንዲሄድ ፈቅጃለሁ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አይበቃም። ደብዳቤው ልጁን በፓስፖርት ቁጥሩ ይለይ፤ ወላጆቹን በመታወቂያቸው ይለይ፤ የሚሄድበትን አገር፣ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ቀን፣ የሚቀበለውን ሰው ስም፣ ዝምድና፣ አድራሻና ስልክ ይናገር፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይግለጽ። ሁልጊዜ የሚረሳው የሕክምና ፈቃድ ነው። ለሕይወት አደገኛ ካልሆነ በስተቀር ብዙ አገሮች ውስጥ ያለ ሐኪም አካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ሥልጣን ያለው ሰው ሳይፈቅድ አያክምም፤ የትርፍ አንጀት ሕመም የያዘው ልጅ ከአዲስ አበባ ስልክ እስኪነሣለት ሊጠብቅ ነው ማለት ነው። ተቀባዩ ስለ ሕክምና እንዲወስን በግልጽ ሥልጣን ይሰጠው። ደብዳቤው በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፤ በሕጋዊ ተርጓሚ ይተርጎም፤ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፤ ኤምባሲው የራሱን ማኅተም ከፈለገም ይታከልበት። ዋናው ቅጂ በልጁ የእጅ ቦርሳ ይሁን። ሻንጣ ውስጥ የገባ ደብዳቤ በድንበር መስኮት ላይ የለም ማለት ነው።

ፓስፖርቱን በሚመለከት የሲቪል አቪየሽን ስምምነት ዘጠነኛ አባሪ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ የራሱ ፓስፖርት እንዲሰጠው ያዛል፤ ልጅ በእናቱ ፓስፖርት ላይ ስሙ ሰፍሮ ይጓዝ የነበረበት ዘመን አልፏል።

ወደ መዳረሻ አገሮች ስንመጣ አንድ ወጥ ሥርዓት አናገኝም።

የሸንገን አገሮች የሚመሩት በቪዛ ደንብ ቁጥር 810/2009 ነው። አካለ መጠን ያልደረሰ ሰው የሚያቀርበው የማመልከቻ ቅጽ የወላጅነት ሥልጣን ባለው ሰው ይፈረማል፤ ልጁ ከወላጆቹ ጋር የማይጓዝ ከሆነም ስምምነታቸው ይያያዛል። ስለ ክፍያው ብዙዎች ልጅ በግማሽ ዋጋ ያመለክታል ብለው ያስባሉ። ቅናሹ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉት ነው፤ እነርሱ 45 ዩሮ ሲከፍሉ የ12 ዓመት ልጅ ከሰኔ 2016 ጀምሮ እንደ አዋቂ 90 ዩሮ ይከፍላል፤ የጣት አሻራም ይሰጣል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ግዴታ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊገባ ይችላል። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ቢሆንም የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያ ዜጎች ጊዜውን ወደ 45 ቀን ከፍ የሚያደርግ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛንም የሚያስቀር ውሳኔ ወስኗል። ውሳኔው የተወሰነው ኢትዮጵያ ከአውሮፓ የሚመለሱ ዜጎቿን በመቀበል ረገድ አልተባበረችም በሚል ምክንያት ነው። የደሴዋ ልጅ በዚህ ጉዳይ ምን ድርሻ እንዳላት ለእናንተ ለሕግ ተማሪዎች የቤት ሥራ እተወዋለሁ። ቀድማ ማመልከት እንዳለባት ግን ግልጽ ነው።

የድንበሩ ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። የሸንገን የድንበር ደንብ የድንበር ጠባቂዎች ለልጆች ልዩ ትኩረት እንዲሰጡ፣ ብቻውን የሚጓዝ ልጅ ከወላጅ ፈቃድ ውጭ ግዛቱን ለቅቆ እንዳይወጣ ሰነዱን በጥልቀት እንዲመረምሩ ያዛል። እንግዲህ ምርመራው በመግቢያ ብቻ ሳይሆን በመመለሻም አለ፤ ልጁ ደብዳቤውን ከደረሰ በኋላ መጣል የለበትም።

የመሸጋገሪያ ቪዛ ብዙዎችን የሚጥል ወጥመድ ነው። ኢትዮጵያ ዜጎቻቸው በሸንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ ለመሸጋገር እንኳ ቪዛ ከሚጠየቁባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። የካናዳ ወይም የአሜሪካ ቪዛ በእጁ የያዘ መንገደኛ ከዚህ ነጻ ነው፤ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ግን ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ሌላ ማመልከቻ ያስፈልገዋል። ለልጅ ቀጥታ በረራ የሚሻለው ለድካሙ ብቻ ብለን አይደለም። በረራ ቢሰረዝ አንድ የ15 ዓመት ልጅ በማያውቀው ከተማ ለማደር መግቢያ ቪዛ የለውም፤ ሆቴልም ብቻውን ላይቀበለው ይችላል።

የብሪታንያ ሥርዓት በግልጽነቱ ይወደዳል። ለጉብኝት የሚሄድ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ስለ ጉዞው፣ ስለ አቀባበሉና ስለ እንክብካቤው በቂ ዝግጅት መኖሩን ያሳያል፤ የወላጅ ስምምነትም ያቀርባል። ቪዛው ልጁ ብቻውን የሚጓዝ ወይም ከተጠቀሰ ትልቅ ሰው ጋር የሚጓዝ መሆኑን ይለያል፤ በአንዱ ወጥቶ በሌላው መጓዝ ያስመልሳል። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የቅርብ ዘመዱ ካልሆነ ሰው ዘንድ 28 ቀንና ከዚያ በላይ ከተቀመጠ ደግሞ ለአካባቢው አስተዳደር ማሳወቅ ግዴታ ነው። የእናት የልብ ጓደኛ፣ የአባት የአገር ልጅ፣ የክርስትና እናት፣ እነዚህ ሁሉ በዚያ ሕግ የቅርብ ዘመድ አይደሉም።

ካናዳ ለመማር ለሚመጣ ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ ወላጁ ወይም አሳዳሪው አብሮት ካልሄደ፣ እዚያው የሚኖር ተንከባካቢ በፊርማ የተረጋገጠ ቃል እንዲሰጥ ትጠይቃለች። አሜሪካ በበኩሏ የስምምነት ደብዳቤን በጥብቅ ትመክራለች እንጂ በሕግ አታስገድድም። ይህ አሜሪካ ቀላል ናት ያሰኛል፤ አይደለችም። የጉብኝት ቪዛ አመልካች ሁሉ ሊቀር እንደሚፈልግ ተደርጎ ይገመታል፤ ግምቱን ማፍረስ የአመልካቹ ሸክም ነው። የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ ደመወዝ የለው፣ ቤት የለው፣ ትዳር የለው። ወደ አገሩ የሚያስረው ገመድ ትምህርት ቤቱና ወላጆቹ ናቸው። ስለዚህ በደንብ የተጻፈ፣ የመመለሻ ቀን ያለበት ደብዳቤ ሕግ ባይጠይቀውም ከጥሩ ማስረጃዎቹ አንዱ ይሆናል። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማሪ ቪዛ መማር የሚፈልግ ደግሞ ጣሪያው 12 ወር መሆኑንና ሙሉ ወጪውን ራሱ መክፈል እንዳለበት ይወቅ።

ከአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ ልዩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በጁን 2015 የሕፃናትን ንግድ ለመከላከል በሚል ከልጅ ጋር የሚገባ ሁሉ የወላጆቹን ስም የያዘ ሙሉ የልደት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ አስገደደች። የቱሪዝም ዘርፉ ክፉኛ አማረረ፤ ከወላጆቻቸው ጋር ለሚጓዙ የውጭ አገር ልጆች ግዴታው በ2018 እና በ2019 ላላ። ብቻውን ለሚጓዝ ልጅ ግን መስፈርቱ ጸንቶ ቆይቷል፦ የወላጅ ስምምነት፣ የተቀባዩ ደብዳቤ ከአድራሻው ጋር፣ የተቀባዩ መታወቂያ ቅጂ፣ የወላጆች መገኛ። በእኔ አስተያየት ይህ ዝርዝር ከሁሉም የተሻለ ነው። ላኪን ብቻ ሳይሆን ተቀባይንም በወረቀት ላይ ያቆማልና።

የተቀባዩ ጉዳይ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ፍርሃቱ መሠረት አለው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድን ሲቀጣ፣ እ.ኤ.አ. የ2000 የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም ልጅን ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ ማታለል ወይም ማስገደድ ባይኖርበትም በሰው መነገድ ነው ይላል። የልጁ እሺታ ወንጀሉን አያጠፋም። ወላጅ ገንዘብ ወይም ተስፋ ተሰጥቶት የፈረመው ደብዳቤም አያጠፋውም። ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጋችን 18 ዓመትን መነሻ አድርጓል፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በጉብኝት ወይም በዘመድ ጥየቃ ስም የሚወጡ ልጃገረዶች ዕድሜያቸው በወረቀት ከፍ የሚደረገውም ለዚህ ነው። በቦሌ መስኮት ላይ ጥያቄ የሚበዛባት ልጅ ትቆጣ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ከእርሷ ይልቅ ስለ ላኳት ሰዎች የሚጠየቅ ነው።

የዕድሜ መስመሮቹ እርስ በርስ የማይገጥሙ መሆናቸውን ልብ በሉ። ለቤተሰብ ሕጋችን 18 ነው። እ.ኤ.አ. የ1980 የሄግ የልጆች ጠለፋ ስምምነት የሚሠራው ለ16 ዓመት ድረስ ብቻ ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለቤተሰብ ጥያቄ «ልጅ» የሚባለው ያላገባና ከ21 ዓመት በታች የሆነ ነው። በአውሮፓ ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ብቻዋን ኔዘርላንድስ በገባች ኤርትራዊት ወጣት ጉዳይ፣ ልጅቷ ጥገኝነት ስትጠይቅ ከ18 ዓመት በታች እስከነበረች ድረስ በሂደቱ መካከል 18 ቢሞላትም ወላጆቿን የማስመጣት መብቷ እንደማይጠፋ ወስኗል። የመሥሪያ ቤት መዘግየት የልጅን መብት እንዳይበላ የሚል ምክንያት አለው። እኛም ስናስተምረው ብዙ የምናተርፍበት ውሳኔ ነው።

ከተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚመጡት ልጆችም ጥቂት ልበል። በየክረምቱ ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከስቶክሆልም አያቶቻቸውን ሊጠይቁ ብቻቸውን የሚመጡ ልጆች አሉ። አሜሪካ ለተወለደ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት ለማውጣት የሁለቱም ወላጆች ስምምነት ያስፈልጋል። ወደ አገራችን ለመግባት ቪዛ፣ ወይም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱ፣ ይጠየቃል። መግባቱ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ወላጆች ተለያይተው አንደኛው ልጁን «ሥርዓት ይማር፣ ቋንቋ ይልመድ» ብሎ እዚህ ሲያስቀረው ነው። ኢትዮጵያ የ1980ው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም፤ ስለዚህ ልጁን በፍጥነት ለማስመለስ ያ ስምምነት የዘረጋው መንገድ የለም፤ ያለው በመደበኛ ፍርድ ቤት የሚካሄድ የአሳዳሪነት ክርክር ነው። ልጁን ለሁለት ወር የላከ ወላጅ የመመለሻ ቀን ያለበትና በሁለቱም ወገን የተፈረመ ስምምነት ቢይዝ ዳኛው ፊት ቢያንስ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ትልልቆች ስለ ልጁ ለትልልቆች የሚጽፉት ነው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ግን የራሱን ሐሳብ ሊፈጥር የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል፤ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱም ክብደት እንዲሰጠው ያዛል። ከዘረዘርኳቸው ቅጾች ውስጥ «መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ልጅቷን የሚጠይቅ አንድም የለም። ቅጹ ባይጠይቅ የአሳዳሪነት ጥያቄ የቀረበለት ዳኛ ሊጠይቃት ይችላል። የደሴዋ ልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቢቀርብ፣ ከእናቷ የተለያየችው በአራት ዓመቷ ከሆነ፣ ወደ እናቷ መሄድ ለእርሷ ወደ እንግዳ ሰው ቤት መሄድ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለዓመታት የጠበቀችው ቀን። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እርሷ ናት። ዳኛው አያትን፣ የእናትን ወኪልና ሰነዱን ሲያደምጥ እርሷን ለብቻዋ፣ ማንም በሌለበት፣ ለአሥር ደቂቃ ቢያናግራት ሥነ ሥርዓቱ አይከለክለውም።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ በቅድሚያ ከኋላ ረድፍ ያሉት ወላጆች ይጀምሩ።